ሞላው የእኔ፣ ሾኩ የእሱ

ሰኞ፣ 4

ዛሬ አባባን ከሆስፒታል ስመልስ በራችን ፊት ያለው ጉብታ ላይ መኪናዋ ዘለለች። አባባም አብረዋት ዘለሉ። እኔም ዘለልኩ፤ የእኔ ኩላሊት ግን ይሠራል።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ይህ ደብተር የክስ ማኅደር ሆኗል። ከሳሽ እኔ ነኝ፦ የመንጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ፣ ታላቅ እህት፣ ትዕግሥቷ ያለቀባት። ተከሳሽ ታናሽ ወንድሜ ነው፦ በሥራ ቀን ፀጉር አስተካካይ፣ ቅዳሜና እሑድ ክቡር ሻምፒዮን። የክርክሩ ነገር አንዲት ባለ ሁለት በር የእሽቅድምድም መኪና ናት። አባባ አርባ ዓመት አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ ዕለት ገዟት። «ስልሳ ሰው ከኋላዬ እያንኮራፋ ኖርኩ፤ ከእንግዲህ ከኋላዬ የሚቀመጥ አልፈልግም» ብለው ነበር። እውነትም የኋላ መቀመጫዋ የሰው አይደለም። የቦርሳ ነው፤ ያውም ቦርሳው ባዶ ከሆነ። ሰፈሩ «ቁንጫ» ይላታል።

አሁን ዐይናቸውም ኩላሊታቸውም ስለደከመ አባባ አይነዱም። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ደማቸውን የሚያጥብላቸው ማሽን ጋ መሄድ አለባቸው። ካልሄዱ የሚሆነውን ሐኪሙ ነግሮናል፤ እዚህ አልጽፈውም። ታክሲ አይሉም፣ አምቡላንስ አይሉም። «በቁንጫ ካልሆነ በእግሬ» ብለዋል። ስለዚህ በሥራ ቀን ቁንጫ የእኔ ናት፣ ቅዳሜና እሑድ የእሱ። ዓርብ ማታ የእኔን ጎማዎች ፈትቶ የእሱን ያስራል፤ እሑድ ማታ የእሱን ፈትቶ የእኔን ያስራል። ሞላዋን ግን እንደ ድንጋይ የጠነከረ ገጥሞላት ቀረ።

የሐኪሙ ትእዛዝ፦ እንዳይንገላቱ። የሻምፒዮኑ ሞላ፦ ይንገላቱ።

ረቡዕ፣ 6

ዛሬ ግቢ ውስጥ ጉባኤ ተደረገ። አጀንዳ፦ ሞላ።

«እትዬ፣ ነገሩ ሞላ ብቻ አይደለም» አለ ክቡርነታቸው። «ሞላው መኪናዋን ይሸከማል። ሾክ አብዞርበሩ ደግሞ ሞላውን ይገስጻል፤ አንዴ ከተነሣ እንዳይጨፍር። ቸርኬው ደግሞ...»

«ቸርኬው ደግሞ ምን ያደርጋል? ይባርካል?»

«ቀላል ሲሆን ጉድጓድ ገብቶ ቶሎ ይወጣል። ያንቺ የብረት ቸርኬ እኮ ወፍጮ ነው። እግርሽ ላይ ወፍጮ አስረሽ ደረጃ ውጪ ብልሽ ትወጫለሽ?»

«ያንተስ ጎማ? ቸርኬ ላይ የተጠለፈ የፀጉር ላስቲክ!»

«የውድድር ሜዳው ላይ ጎማው ወፈር ካለ መታጠፊያ ላይ ይተኛብኛላ።»

«አባባ ሜዳ ላይ ናቸው?»

ዝም አለ። እሱ ዝም ካለ እኔ አሸነፍኩ ማለት ነው፤ የቤታችን ሕግ ነው። አባባ በረንዳው ላይ ሆነው ሲሰሙን ቆይተው «እናንተ ስትጨቃጨቁ ደሜ ያለ ማሽን ይጣራል» አሉ።

ከዚያ ጉዞ። አባባ ሳይዞሩ አይሳፈሩም። የአውቶቡስ ዘመን ልማዳቸው ነው፦ ቀድመውኝ ብቻቸውን ይወጣሉ፣ ጎማዎቹን በምርኩዛቸው መታ መታ ያደርጋሉ፣ የፊቱንም የኋላውንም ኮፈን ይከፍታሉ ይዘጋሉ። «ተሳፋሪ የማያየውን ሹፌር ማየት አለበት» ይላሉ። እኔ በዚያች ደቂቃ ትራስና ብርድ ልብስ እሰበስባለሁ። በዚያ ዐይናቸው የሚያዩት ምን እንደሆነ እንጃ። ደስ ይላቸዋል፤ ማንንም አይጎዳም።

እሑድ፣ 10

ድል!

ሻምፒዮኑ ተሸነፈ። ቀኑን ሙሉ በክሪክ ካነሣት መኪና ሥር ተኝቶ ድንጋዩን ሞላ አውጥቶ ለስላሳ ሞላ ገጠመ። ፊቱ ዘይት፣ አፉ ምክር።

«ሞላውን እሺ ብዬሻለሁ። ሾኩን ግን አትንኪብኝ። ለስላሳ ሞላ ላይ ሾኩ ከላላ...»

«ሃያ ዓመት መንዳት ያስተማርኩ ሴት ነኝ።»

«እሱማ ነሽ።»

በዚህ «እሱማ ነሽ» ውስጥ ያለውን ንቀት ለብቻው ልከሰው እችላለሁ።

በየሾኩ አናት ላይ እንደ ራዲዮ ድምፅ ማስተካከያ የምትዞር ክብ ቁልፍ አለች፤ ሁለቱ ከፊት ኮፈን ሥር፣ ሁለቱ ከኋላ። ወደ ቀኝ ቀጭ ቀጭ እያለች ትጠነክራለች፣ ወደ ግራ ትላላለች። የእጁን ዘይት ታጥቦ እንደሄደ አራቱንም ወደ ግራ አዞርኳቸው። እምቢ እስኪሉ ድረስ።

ሰኞ፣ 11

ቁንጫ ሞታ ጀልባ ተወለደች! ጉብታው ላይ ስንወጣ ኩርፊያ የለ፣ ግጭት የለ። ተንሳፈፍን። ከጉብታው ወርደን ሁለት ቤት እስክናልፍ ድረስ እየተንሳፈፍን ነበር።

ስንመለስ አባባ አስመለሳቸው። የጠዋቱ እንቁላል ነው፤ መጀመሪያውንም አላመንኩትም ነበር።

ትራሱን ሳጥብ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ በመስኮቷ ለደንበኛዋ ስታወራ ሰማሁ። «አባቷን እንደ እንቁላል ነው እኮ የምትጭናቸው።» ደንበኛዋ፦ «እንቁላልም ሲወዛወዝ ይበላሻል።» ሰው ሥራ ሲያጣ መኪና ይመረምራል።

ማክሰኞ፣ 12

ፍትሕ ማስረጃ ትፈልጋለችና ሳይንሳዊ ፈተና አካሄድኩ። ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ ውሃ አባባ መቀመጫ ላይ አስቀምጬ፣ ቀበቶ አስሬለት፣ አንድ መንገድ ሁለት ጊዜ ነዳሁ።

አንደኛ ዙር፣ ሾኩ ላልቶ፦ ጉብታው ላይ ውሃው ምንም አልሆነም። ከጉብታው በኋላ ግን ወዲህ ወዲያ ማለት ጀመረ፤ ሁለተኛው ጉብታ ሳያቆም ደረሰበት። ቤት ስገባ ግማሹ የለም።

ሁለተኛ ዙር፣ ሾኩ ጠብቆ፦ ጉብታው ላይ አንዴ ፊጭ አለ። ከዚያ ቀጥ። ቤት ስገባ ትንሽ ብቻ ጎድሎ ነበር።

ውሳኔ፦ በሁለተኛው ዙር ሳህኑን ዝቅ አድርጌ ሞልቼው ይሆናል። መቀመጫውም ረጥቦ ስለነበር ሳህኑ ተጣብቋል። ፈተናው ዋጋ የለውም። ቁልፎቹን ወደ ልስላሴያቸው መለስኳቸው።

ከሰዓት ከተማሪዎቼ አንዱን፣ ጠበቃውን፣ መንዳት አስተማርኩ። ስድስተኛ ትምህርቱ ነው፤ ከቀይ መብራት ጋር ሳይቀር ይከራከራል። «አስተማሪ፣ ፍሬን ልረግጥ ስል ፍሬኑ ቀድሞኝ ይወርዳል። የማን እግር ነው?» አለኝ። የማስተማሪያ መኪና በእኔ በኩልም ፍሬን እንዳለው ያውቃል። ለደኅንነትህ ነው አልኩት። «እስካሁን ምንም አላጠፋሁም እኮ» አለ። ልታጠፋ ነበር አልኩት።

ረቡዕ፣ 13

አባባ አላስመለሳቸውም! ልስላሴ አሸነፈ። በመንገድ ላይ ስለ ድሮ መስመራቸው አወሩልኝ። ጉብታው ትንሽ የመታን መሰለኝ። ቀኑ ስለበረደ ይሆናል።

ዓርብ፣ 15

ተማሪዎቼ ፈተና ስለነበራቸው አባባን ያመላለሳቸው ሻምፒዮኑ ነው። መንገዱን ሙሉ ተኝተው መጡ። ሲያወርዳቸውም አልነቁም። እስኪነቁ በሩን ከፍቶ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ጠበቃቸው።

እንዲህ አንገላትቶ ራሳቸውን አሳታቸው ማለት ነው።

እሑድ፣ 17

ቁንጫ ከሜዳ ስትመለስ ከፈትኳት። አራቱም ቁልፎች ወደ ቀኝ! ለውድድር ነው፣ ይሁን። የእኔ ጥርጣሬ ሌላ ነው፤ በሥራ ቀንም ሳይሰርቀኝ አይቀርም። የረቡዕዋ ጉብታ አትዋጥልኝም።

ወጥመድ አሰብኩ። ነገ ጎህ ሲቀድ አራቱንም አላልቼ፣ በቀይ የጥፍር ቀለም ከቁልፉ እስከ ብረቱ መስመር እሰምራለሁ። የነካ ይያዛል።

ሰኞ፣ 18

ያዝኩት!

ጎህ ሲቀድ ሰመርኩ። ልብሴን ልቀይር ገባሁ። ሻምፒዮኑ እንደ ልማዱ የአባባን ፂም ሊላጭ መጣ፤ ላጨ፣ ሻዩን ጠጣ፣ ሄደ። አባባ መኪናዋን ዞሩ። ሄድን። አባባ ጥሩ ነበሩ፤ እንዲያውም አንጎራጎሩ። ሆስፒታሉ ግቢ አቁሜ ኮፈኑን ስከፍት ቀዩ መስመር ተሰብሯል። አራቱም ዞረዋል። ቀለሙም ተድበስብሷል፤ ሳይደርቅ ነው የተነካው።

ኮፈኑን በኃይል ዘጋሁት። በእኔ ቤት፣ በእኔ ቀን፣ በአባቴ ወገብ!

በዚያ ላይ ነርሷ። አባባን ልወስዳቸው ስገባ አውራ ጣታቸው ቀይ ሆኗል። «ይኼ ደም ምንድን ነው? መርፌ የምትወጉት የት ነው?» ብዬ ተቆጣኋት። ጣታቸውን አየት አድርጋ «ደም አይመስለኝም» አለችኝ። ዘንድሮ ነርስም ደም አይለይም። አባባ ጣታቸውን ጨብጠው ኪሳቸው ከተቱ። አፈሩላት።

ማክሰኞ፣ 19

ፀጉር ቤቱ ሄድኩ። አንድ ወፍራም ሰውዬ ግማሽ ፊቱ አረፋ ሆኖ ወንበሩ ላይ ተንጋሏል።

«አንተ!»

«እትዬ፣ ሰው እየላጨሁ ነው።»

«ላጭ! እኔንም ላጭተኸኛል!»

«እመቤቴ» አለ ሰውዬው ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ «ምላጩ ጉሮሮዬ ላይ ነው፤ ቀስ ብለው ይስደቡት።»

«ቁልፎቹን ለምን ነካህ?»

«የቱን? አልነካሁም።»

«ምልክት አድርጌ ነበር። ዞሯል። ነፋስ አዞረው?»

«አልነካሁም አልኩሽ።»

«ማል።»

ምላጩን አነሣ። አየኝ። «አባባ ይሙት» አለ።

ድሮ ይህ መሐላ በቤታችን እንደ ጨው ነበር። «ስኳር አልቋል፣ አባባ ይሙት» እንል ነበር። ማሽኑ ከመጣ ወዲህ ግን ካንዳችንም አፍ አልወጣም። ማንም አልከለከለውም፤ ብቻ ጠፋ። አሁን እሱ፣ ለአንዲት የሾክ ቁልፍ ብሎ!

ያልኩትን አልጽፈውም። ሰውዬው ዐይኑን ጨፈነ። የመኪናዋን ቁልፍ ከመስታወቱ አጠገብ ካለው ምስማር ላይ ነጠቅኩ። «ከእንግዲህ ወዲያ ቤታችን ደጃፍ እንዳትደርስ» አልኩት። አረፋውን ከምላጩ ላይ ጠረገ። በሩን ስዘጋ የሰውዬው ድምፅ ተከተለኝ፤ «ግማሹንስ ማን ይጨርሰዋል?»

ማል ያልኩት እኔ ነኝ። ግን በዚያ ማል አላልኩም።

ረቡዕ፣ 20

ቁልፎቹን አላልቼ በሰፊ ፕላስተር ጥፍር አድርጌ ጠቀለልኳቸው። ስንመለስ አየሁ፤ ንቅንቅ የለም። ወንጀሉ ተረጋገጠ! እሱ ሲቀር መዞሩም ቀረ።

አባባ ሁለት ጊዜ አስመለሳቸው። ይኼ የመሐላው ውጤት ነው።

«ልጄ የት ሄደ?» አሉ። ሥራ በዝቶበት ነው አልኳቸው።

ዓርብ፣ 22

ቸኩያለሁ። በዝግታ ነዳሁ፣ ጉብታ በመጣ ቁጥር ቀድሜ ፍሬን። አስመለሳቸው። ፂማቸው አድጓል። ሌላ ፀጉር አስተካካይ ላምጣ ብላቸው «ጉሮሮዬን ለማላውቀው ሰው አልሰጥም» አሉ።

ሰኞ፣ 25

ከዚህ በላይ ማዝገም አይቻልም። ብስክሌት ቀደመን። ከዚያ ጋሪ የሚገፋ ሰው ቀደመን፤ ያውም ሽቅብ እየገፋ፣ ሰላም ብሎን።

አባባ ስንመለስ መስኮቱ ላይ ግንባራቸውን ደግፈው ቆዩ። አንዴ አፋቸውን ከፈቱ፤ «ልጄ፣ ይቺ ሾክ...» ሲሉ ጉድጓድ አየሁና ፍሬን ረገጥኩ። ቀሪውን ዋጡት።

ቤት ገብተው ሶፋው ላይ እንደተዘረጉ፦

«ማሽኑን እችለዋለሁ። መንገዱን አልቻልኩትም። ከእንግዲህ አልሄድም።»

«አባባ፣ ምን ማለት ነው አልሄድም?»

«አልሄድም ማለት ነው።»

የመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት የሚባለውን፣ ጉብታ የፈለሰፈውን፣ ሞላ የሚሸጠውን፣ ሻምፒዮኑን፣ ሁሉንም በየተራ ረገምኩ። ማንም አልቀረኝም። እኔ ብቻ።

ረቡዕ፣ 27

አልሄዱም።

ለመንኩ። ጮህኩ። ትራሱን አሳየኋቸው፣ አዲስ ነው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሐኪሙ ደወለ። ዓርብንም ከቀሩ ብሎ ጀመረ፤ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩት።

ሐሙስ፣ 28

እግራቸው አብጧል። ጫማቸው አልገባ አለ። ሲተነፍሱ ከወዲያኛው ክፍል ይሰማኛል።

ልብስ ሰፊዋ ልትጠይቃቸው ገባች። በሩን ዘግተው ብዙ አወሩ። ስትወጣ «ወንድምሽን ጥሪው እንጂ» አለችኝ። መጀመሪያ ይቅርታ ይጠይቅ አልኳት። «ማን ማንን?» አለች። መልስ ነበረኝ፤ ሄደች።

ለጠበቃው ዛሬ ትምህርት አልነበረኝም፤ ፍሬን ብቻ ነበር የረገጥኩት። «አስተማሪ፣ ደህና ነዎት?» አለኝ። መንገዱን ተመልከት አልኩት።

ዓርብ፣ 29

በሰላም ገብተዋል፤ አሁን ተኝተዋል። ከመጀመሪያው ልጻፍ።

ጠዋት ልቀሰቅሳቸው ስገባ አልጋው ባዶ ነው።  ወደ ግቢ ሮጥኩ። አባባ በሌሊት ልብሳቸው፣ ባበጠ እግራቸው፣ ምርኩዛቸውን የቁንጫ መከላከያ ላይ አስደግፈው፣ ኮፈን ሥር አንገታቸውን አስገብተው ቆመዋል። በጥፍራቸው ፕላስተሬን ይልጣሉ።

«አባባ!»

«እዪው፣ ምን ዓይነት ሙጫ ነው የገዛሽው?» አሉ ቀና ሳይሉ። «ልሄድልሽ ነበር። ይቺ እምቢ አለችኝ።»

አውራ ጣታቸውን አየሁ። ደም ያልኩት። ነርሷ ደም አይመስለኝም ያለችው።

«እርስዎ ነበሩ?»

«ታዲያ ማን ይሆናል? በየማለዳው መኪና የምዞረው የጥንቱን ፍቅር ላስታውስ መስሎሻል?» ትንፋሻቸው አጠረ፤ ይዤ መከላከያው ላይ አስቀመጥኳቸው። «ስሚኝ። አውቶቡስ ላይ ሰው የሚያስመልሰው ጉድጓዱ አይደለም። ጉድጓድ አንዴ ይመታሻል፣ ትሰድቢዋለሽ፣ ያልፋል። የሚያስመልሰው ከጉድጓዱ በኋላ ማባበሉ ነው። እሹሩሩ፣ እሹሩሩ... ማሽኑ አጥቦ ባዶ አድርጎኝ፣ አንቺ ደግሞ እሹሩሩ።»

«ሐኪሙ እንዳይንገላቱ ስላለ...»

«ሞላሽ ግሩም ነው። የእሱ ሞላ ድንጋይ ነበር፣ ዕድሜ ይስጥሽ። ሾኩን ግን ለእሱ ተይለት። ሞላው ያንቺ፣ ሾኩ የእሱ። ሁለት ልጅ የወለድኩት ለዚህ አልነበረም፤ ይሁን።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«አፌን ስከፍት ፍሬን ትረግጫለሽ።»

«በፊትስ? ገና ስጀምር?»

«ደስ ብሎሽ ነበር።»

«ተናድጄ ነበር እንጂ!»

«ያው ነው። ካመመኝ ወዲህ ደግፎ ያቆመሽ ቁጣሽ ነው። ከሥርሽ ልስበው?»

የሌሊት ልብሳቸውን ኮሌታ አስተካከልኩላቸው። 

«እሱ ሲባረር ግን ዝም አሉ» አልኳቸው።

«ሥራ በዝቶበት ነው ያልሽኝ አንቺ ነሽ። የነገረችኝ ልብስ ሰፊዋ ናት፣ ትናንት። በሞቴ ማለ አሉ?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«እውነቱን ስለሆነ ነዋ ያልሞትኩት» አሉና ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠባቸው።

ፕላስተሩን በቢላ ቀደድኩ። ቁልፎቹን እሳቸው በነገሩኝ ልክ አዞርኩ፤ «በቃ፣ እዚያ ላይ» እስኪሉ። ሄድን። ሐኪሙ ሰደበን፤ እኔን ሲሰድብ ረጅም ጊዜ ወሰደ። ስንመለስ አላስመለሳቸውም፣ እንቅልፍ ግን አልወሰዳቸውም። አሥር ጊዜ ፍሬን ረግጬ አሥር ጊዜ አነቃኋቸው።

ቅዳሜ፣ 30

ፀጉር ቤቱ ባዶ ነበር። መሬት ላይ ያለ ፀጉር ይጠርጋል።

«ምን ፈለግሽ?»

«ፂም።»

«ያንቺን?»

«የአባባን! ደረታቸው ላይ ሊተኛ ነው።» የመኪናዋን ቁልፍ ምላጮቹ መሐል አስቀመጥኩ። «አባባ ናቸው ሲያዞሩት የነበሩት።»

መጥረጊያውን ይዞ ቆመ። ከዚያ ደንበኛ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ግን እጁን አገላብጦ አየ።

«ያን ቀን ከሄድሽ በኋላ እጄ ተንቀጠቀጠ» አለ። «ያን ግማሹ የተላጨ ሰውዬ ቆረጥኩት። ሥራ ከያዝኩ ሰው ቆርጬ አላውቅም።»

«ብዙ?»

«ብዙ አይደለም። ግን እጄ አስፈራኝ። በአባባ ምዬ... ውሸት ባይሆንም እኮ...»

«ተው።»

ይቅርታ የምትለዋን ቃል ጉሮሮዬ ድረስ አመጣኋት። እዚያ ፍሬን ያዘ። ስለዚህ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩና «ፀጉሬን ቁረጠኝ» አልኩት።

«አንቺን? እኔ? ‹የቂጥ ፀጉር ቆራጭ› ትይኝ የለ?»

«ቁረጥ አልኩህ።»

ጨርቁን አንገቴ ላይ አሰረ። እጁን በመስታወቱ ተከታተልኩት። አልተንቀጠቀጠም። ያበላሸው ግን አበላሽቶታል፤ በግራ በኩል አጥሯል። ይኼም ተመዝግቧል።

እሑድ፣ 1

የወቅቱ የመጨረሻ ውድድር። ዘጠነኛ ወጣ። ከዘጠኝ።

ጠዋት የእሱን ቀላል ቸርኬ ወፈር ያለ ጎማ አልብሶ ገጥሟል፤ ግማሽ የእሱ፣ ግማሽ የእኔ። ሞላውንም አልቀየረም። ለዛሬ እንኳ ድንጋዩን ግጠም ብዬው ነበር፣ እውነቴን ነው። «ነገ ሰኞ ነው፤ ካወጣሁት ማታ ተመልሼ እስክገጥም ይመሻል» አለ። መታጠፊያው ላይ ቁንጫ እንደ ሰካራም ስትተኛ ከዳር አየሁ። ሌሎቹ ነጂዎች ከበው ሳቁበት። «አባትህን ጭነህ ነው እንዴ የምትነዳው?»

«ነገ» አላቸው።

ይበለው። ከሳቁት አንዱን በስም ባውቀው ግን የመንጃ ፈቃዱን አሳድሰው ነበር፤ ከሀ ጀምሮ።

ሰኞ፣ 2

በማለዳ መጥቶ አባባን ላጨ። አገጫቸው ተገኘ። አባባ መኪናዋን ዞሩ፣ ጎማዋን መቱ፣ ኮፈኖቿን ከፈቱ፣ ዘጉ። «ምንም አልነካሁም» አሉ ወደ እኔ እያዩ።

ሻምፒዮኑ ይነዳል፤ ተወስኗል። እኔ የኋላ መቀመጫው ላይ፣ የባዶ ቦርሳው ቦታ። አንዴ ከገባሁ በኋላ ጉልበቴ አገጬ ሥር ነው፣ ራሴ ጣሪያው ላይ። «ከኋላዬ የሚቀመጥ አልፈልግም ብዬ ነበር» አሉ አባባ። በሁለት እጄ ጎድጓዳውን ሳህን ሙሉ ውሃ ይዣለሁ። ወንድሜ ምንድን ነው ሲል ማስረጃ ነው አልኩት። አሁንም ክሱን አላነሣሁም።

ስንሄድ የሆነውን አልጽፍም፤ ወገቤ ይመሰክራል። ስንመለስ በየጉብታው ቀኝ እግሬ ወለሉን ይረግጣል። እዚያ ፍሬን የለም። ቁንጫ አንዴ ጧ ትላለች፣ ከዚያ ቀጥ። ጧ፣ ቀጥ። የአባባ ራስ ቀስ ብሎ ወደ መስኮቱ ዘነበለ። የተላጨ ጉንጫቸው ላይ ፀሐይ ነበረች። ተኙ። ትንፋሻቸውን ከኋላ ሆኜ ሰማሁት፤ ረጅም፣ ያልተቆራረጠ።

ወንድሜ በመስታወቱ አየኝ። «እትዬ፣ ፈሰሰ እንዴ?» አለ በሹክሹክታ።

«ዐይንህን መንገዱ ላይ!»

ቀሚሴ ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ አገኘሁ። ሳህኑን አየሁት፤ እስከ አፉ ሙሉ ነው፣ ምንም አልጎደለም። ጣሪያዋ እያፈሰሰ መሆን አለበት። ዝናብ ካቆመ ወር አልፎታል፤ ቢሆንም ነገ ወስጄ አሳያለሁ።